ከቆላ እስከ ውርጭ፤ የሀረና ደንና የባሌ ተራሮች

ምዕራፍ 9፤ ገላጭ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

«ተራራው በጣም ያምራል። ዛፎቹ ለምለም ናቸው። ወፎቹም ይዘምራሉ።» ስለ ተራራ ጻፉ በተባሉ ጊዜ ብዙ ተማሪዎች የሚጀምሩት በእንዲህ ያለ አነጋገር ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ የሰዋስው ስሕተት የለባቸውም። ነገር ግን «የትኛው ተራራ ነው? ዛፉስ ምን ዛፍ ነው? ወፉስ ማን ይባላል?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልስ አያገኝም። ለማንኛውም ተራራ የሚስማማ ገለጻ አንዱንም ተራራ አይገልጽም።

ገላጭ ድርሰት ያላየውን ሰው እንዳየ የሚያደርግ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ይህን ለማድረግ ጸሐፊው ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ ነገሮችን በየስማቸው መጥራት ይገባዋል፤ «ዛፍ» ከማለት «ኮሶ»፣ «እንስሳ» ከማለት «ጉሬዛ» ማለት ይበልጣል። ሁለተኛ፣ አንባቢው እንዳይደናገር ገለጻውን ከአንድ ቦታ ጀምሮ በሥርዐት ማስኬድ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ የሚታየው ነገር ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ምክንያቱን ማመልከት ይገባዋል። ስም፣ ሥርዐትና ምክንያት የገላጭ ድርሰት ሦስት ጉልቻዎች ናቸው፤ አንዱ ሲጎድል ድስቱ ያዘነብላል።

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ሁለት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ሐሳቡን ብቻ ተከታተሉ። በሁለተኛው ንባብ ግን እርሳስ ይዛችሁ የዕፀዋትንና የእንስሳትን ስም እየለያችሁ አስምሩበት።

ለ. ምንባብ

1. በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገኙት የባሌ ተራሮች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ እየገነፈለ በወጣ እሳተ ገሞራ የተሠሩ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። በስተደቡብ ተራራው ወደ ደሎ መና ቆላ በሚወርድበት ገጽ ላይ የሀረና ደን ተዘርግቷል። ከደሎ መና ተነሥቶ ወደ ጎባ የሚያቀና መንገደኛ ደኑን ሰንጥቆ፣ የሰነቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል። በአንድ ቀን ጉዞም ቆላውን፣ ወይና ደጋውንና ደጋውን አልፎ ውርጭ ላይ ይደርሳል። 1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። የተራራው ዕፀዋትና እንስሳት በአብዛኛው ይህን ሕግ ተከትለው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል።

2. ጉዞው የሚጀምረው ከደኑ ግርጌ ነው። እዚህ ዝግባው፣ ዋንዛውና ብሳናው ቅርንጫፋቸውን አገናኝተው ጥላ ዘርግተዋል። ከጥላው ሥር ማንም ያልተከለው፣ የበሰለ ፍሬ እየወደቀ የበቀለ የዱር ቡና ይገኛል። የዱር ቡና ከጠራራ ፀሐይ ይልቅ ጥላ ይስማማዋልና ትልልቆቹ ዛፎች ለእርሱ እንደ ጃንጥላ ናቸው። የአካባቢው ኗሪዎች ቡናውን ይለቅማሉ፤ በየዛፉም ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ማር ይቆርጣሉ። የዱር ቡናና የጫካ ማር ደኑ ቆሞ ሳለ በየዓመቱ የሚገኙ ሀብቶች ናቸው፤ ጣውላ ግን አንድ ጊዜ ተቆርጦ ያልቃል። ይሁን እንጂ ቡናውም ቢሆን ጥንቃቄን ይሻል። ብርሃን እንዲያገኝ ተብሎ የዛፎቹ ቡቃያ በየዓመቱ ሙልጭ ተደርጎ ከተመነጠረ፣ የዛሬዎቹ ዛፎች አርጅተው በወደቁ ጊዜ የሚተካቸው አይገኝም።

3. ከፍ እያሉ በሄዱ ቁጥር ሙቀቱ እየቀነሰ፣ ጭጋጉም እየበዛ ይሄዳል። እርጥብ ነፋስ ተራራውን ተጋፍቶ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመውንም ውሃ በዝናብና በጭጋግ መልክ በደኑ ላይ ያራግፋል። ስለዚህ የዛፎቹ ግንድ አረንጓዴ ሽበት ለብሷል፤ ሐረጉም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ተዘርግቷል። ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ የሚመስለው ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ከሥር ከርከሮ መሬቱን ይቆፍራል፤ ነብርም በጥላው ውስጥ ያደባል። አንበሳም በዚህ ደን ውስጥ ይኖራል፤ መኖሩን የሚነግረን ግን ብዙ ጊዜ ዐይናችን ሳይሆን በሌሊት ጩኸቱን የሚሰማው ጆሯችን ነው። በምንጮቹ ዳርና በረግረጉ ውስጥ ከባሌ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ የማይገኙ የእንቁራሪት ዓይነቶች አሉ።

4. ቀጥሎ ቀርከሃ ይመጣል። ቀርከሃው የባሌ ጦጣ ቤትም ምግብም ነው። ሌሎች ጦጣዎች ፍሬውንም፣ ነፍሳቱንም፣ ከእርሻ የሰረቁትንም ሲበሉ፣ የባሌ ጦጣ ግን የምግቡን አብዛኛውን ክፍል የሚያገኘው ከቀርከሃ ቅጠልና ለጋ ነው። ይህ እንስሳ ከደቡብ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ውጭ አይገኝም። በአንድ ተክል ላይ ኑሮውን የመሠረተ ፍጡር ተክሉ በጠፋ ጊዜ ወዴት ይሄዳል? ቀርከሃ የሚቆርጥ ሰው ሳያውቀው የዚህን ጦጣ ማዕድ ያነሣል።

5. ከዚህ በላይ የኮሶ ዛፍ ሰፍኗል። የሴቴው ኮሶ አበባ ቀላ ያለ ዘለላ ሆኖ ቁልቁል ይንጠለጠላል። አባቶቻችንና እናቶቻችን አበባውን አድርቀው፣ ወቅጠውና በጥብጠው የኮሶ ትልን ለማስወጣት ይጠጡት ነበር፤ ትሉና መድኃኒቱ በአንድ ስም መጠራታቸው የሁለቱን ዝምድና ያስታውሳል። ከ3,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ ደግሞ አስታ ይበዛል። ከታች ዛፍ የነበረው አስታ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እያጠረ ሄዶ ቁጥቋጦ፣ በመጨረሻም ከጉልበት የማያልፍ ይሆናል። እረኞች ለጋ ሣር እንዲበቅልላቸው አንዳንድ ጊዜ በአስታው ላይ እሳት ይለቃሉ። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ማቆጥቆጥ ይችላል፤ እሳቱ ቶሎ ቶሎ ሲደጋገምበት ግን እንደገና ዛፍ ለመሆን ፋታ አያገኝም። በድርቅ ወራት ደግሞ እሳት ከለቃቂው እጅ ያመልጣል። በ1992 ዓ.ም. የተነሣው ሰደድ እሳት የባሌን ደን ክፉኛ ጎድቶታል።

6. አስታው ካለቀ በኋላ ሰማዩ ድንገት ይከፈታል። ይህ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሰነቴ አምባ ነው። ቀን ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል፤ ሌሊት የኩሬው ውሃ በረዶ ይሠራል። እንዲህ ባለው ቦታ ዛፍ መቆም አይችልም። ከሣሩና ከአጫጭር ቁጥቋጦዎች መካከል ቀጥ ብሎ የሚታየው ጅብራ ብቻ ነው። ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ባበበ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ይረዝማል፤ ከዚያም ይሞታል። በጥንት ዘመን የአምባው ከፍተኛ ክፍል በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። እንደ ጋርባ ጉራቻ ያሉት ሐይቆች በረዶው ቦርቡሮ በተዋቸው ጎድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። የአውሮፓ ብርድ ሲበረታ ከዚያ የሚሰደዱ ዳክዬዎች እነዚህን ውሃዎች ይጎበኛሉ።

7. ሰነቴ ላይ በዐይን ከሚታየው ይልቅ ከመሬት በታች ያለው ሕይወት ይበዛል። አፈሩ በአይጥና በፍልፈል ጉድጓድ ተበሳስቷል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግዙፉ ፍልፈል ነው፤ እርሱም ከባሌ በቀር በሌላ አገር የለም። ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ይህን ጊዜ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቀይ ቀበሮ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ይጠብቃል። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ የሚያድነው ግን በብዛት ለብቻው ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም በኢትዮጵያ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በባሌ ይገኛሉ። የሚያሠጋቸው ጥይት ብቻ አይደለም። ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ1984 ዓ.ም. ገደማ የባሌን ቀበሮዎች ቁጥር እጅግ ቀንሶታል። ስለዚህ ቀበሮውን ለማዳን በመንደር ያሉ ውሾችን መከተብ አስፈላጊ ሆኗል።

8. ሰው ለዚህ ተራራ እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በፊንጫ ሀበራ የዓለት ጥግ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይጠለሉ ነበር። እሳት ያነዱ ነበር፤ ግዙፉንም ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ዛሬም በሰሜን በኩል፣ በዲንሾና በጋይሳይ ሜዳ፣ የመንደሩ ከብትና የደጋ አጋዘን በአንድ መስክ ሲግጡ ይታያሉ። ይህ በ1969 ዓ.ም. በተሠራው 10 ሳንቲም ላይ ምስሉ የተቀረጸው እንስሳ ነው። የደጋ አጋዘንም እንደ ቀይ ቀበሮ ኢትዮጵያን ብቻ አገሩ ያደረገ ነው።

9. ተራራው ለራሱ ብቻ አይኖርም። ሽበቱ፣ የረገፈው ቅጠልና የአምባው ረግረግ የዝናቡን ውሃ እንደ ስፖንጅ መጥጠው ይይዙታል፤ በበጋም ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። ወይብ፣ ወልመልና ዱማል ከዚህ ይመነጫሉ፤ ገናሌና ዋቢ ሸበሌም ከተራሮቹ ውሃ ይቀበላሉ። ወይብ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ገናሌ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ በሚል ስም ወደ ሶማሊያ ይዘልቃል። ከዚህ ተራራ በሚወርደው ውሃ የሚጠቀመው ሕዝብ 12 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ከዚህ ሕዝብ ብዙው ሰነቴን አይቶ አያውቅም፤ ግመሉን የሚያጠጣው ግን ከሰነቴ ነው። ሽቅብ ያለው ደን ሲመነጠር ዝናቡ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ጥማት ይሆናል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዝገብ ግን ምንጭን አያፈልቅም፤ ምንጩን የሚጠብቀው የቆመ ዛፍ፣ ዛፉንም የሚጠብቀው በአጠገቡ የሚኖረው ሰው ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ግርጌ፤ የአንድ ነገር የታችኛው ክፍል፣ እግር። ተቃራኒው ራስጌ ነው።
አምባ፤ አናቱ ሜዳ የሆነ ከፍተኛ ቦታ።
ሽበት (የዛፍ)፤ በእርጥብ ቦታ በግንድና በቅርንጫፍ ላይ የሚበቅል፣ ጠጉር የሚመስል ነገር። ከሰው ሽበት በምሳሌነት የተወሰደ ቃል ነው።
ለጋ፤ አዲስ የበቀለ፣ ገና ያልጠነከረ።
ሰደድ እሳት፤ ነፋስ እያራገበው ሰፊ ቦታ የሚያዳርስ እሳት።
ፋታ፤ የዕረፍት ጊዜ፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያ።
ውርጭ፤ ጤዛው የሚረጋበት ብርድ፤ ደግሞም ከደጋ በላይ ያለ እጅግ ቀዝቃዛ የአየር ጠባይ ክልል።

መ. ስለ ምንባቡ አጻጻፍ

ምንባቡን መለስ ብላችሁ ተመልከቱ። ጸሐፊው ገለጻውን የጀመረው ከግርጌ ነው፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ወጥቶ አናት ላይ ደርሷል፤ በመጨረሻም ከውሃው ጋር ወደ ታች ወርዷል። ይህን ሥርዐት ከተራራው ወሰደው እንጂ ከራሱ አልፈጠረውም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚሉት ቃሎቻችን ራሳቸው ተዘጋጅተው የቆዩ የአንቀጽ ርእሶች ናቸው። የሚገለጸው ነገር የራሱ ሥርዐት ካለው ድርሰቱም ያንን ይከተል። ወንዝ ከሆነ ከምንጩ ወደ መግቢያው፣ ቤት ከሆነ ከደጁ ወደ ጓዳው፣ ገበያ ከሆነ ከማለዳው ወደ ማታው መግለጽ ይቻላል።

ቀጥሎም እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ኃይለ ቃል እንዳለው አስተውሉ። በ4ኛው አንቀጽ ውስጥ ኃይለ ቃሉ «ቀርከሃው የባሌ ጦጣ ቤትም ምግብም ነው» የሚለው ነው። ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ዐረፍተ ነገሮች ያንኑ ያስረዳሉ፤ ስለ ቡና ወይም ስለ ቀበሮ የሚናገር አንድም የለም። ደግሞም «ያምራል» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። አንባቢው ጅብራውንና ጭጋጉን ካየ ውበቱን ራሱ ይፈርዳል።

ሠ. ሰዋስው፤ የ«እየ» አገባብ

ቀስ በቀስ የሚለወጥን ነገር ለመግለጽ «እየ» ከፍተኛ አገልግሎት አለው። አገባቡም እንደሚከተለው ነው።

1. በግስ ላይ ሲገባ ድርጊቱ አለመቋረጡን ወይም ደረጃ በደረጃ መለወጡን ያመለክታል። ምሳሌ፤ «ሙቀቱ እየቀነሰ ይሄዳል።» ግሱ የኃላፊ ጊዜ መልክ ቢኖረውም ጊዜውን የሚወስነው ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ማሠሪያ ግስ ነው። እየቀነሰ ሄደ፤ እየቀነሰ ነው፤ እየቀነሰ ይሄዳል።

2. ግሱ በ«አ» ሲጀምር «እየ» ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ «እያ» ይሆናል። እየ + አጠረ = እያጠረ፤ እየ + አሉ = እያሉ።

3. በስም ላይ ሲገባ መደጋገምን ወይም ለያንዳንዱ መድረስን ያሳያል። ብዙ ጊዜም ከመስተዋድድ ጋር ይጣመራል። በ + እየ + ዓመቱ = በየዓመቱ፤ ከ + እየ + ቤቱ = ከየቤቱ።

ጥንቃቄ፤ «እየ» የገባበት ግስና «በ... ቁጥር» የሚለውን የያዘው ግስ የአንድ ባለቤት ድርጊት ከሆኑ በመደብና በቁጥር መስማማት አለባቸው። «ከፍ እያልን በሄዱ ቁጥር» ማለት ስሕተት ነው። «ከፍ እያልን በሄድን ቁጥር» ወይም «ከፍ እያሉ በሄዱ ቁጥር» ማለት ይገባል።

ረ. መልመጃ

መልመጃ 1፤ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት ዕፀዋት የሚያየው ለምንድን ነው?
2. የቡና ለቀማ ለደኑ የሚጠቅመው እንዴት ነው? የሚጎዳውስ መቼ ነው?
3. በመንደር ያለ ውሻ መከተቡ ሰነቴ ላይ ያለውን ቀይ ቀበሮ እንዴት ያድነዋል?
4. «ግመሉን የሚያጠጣው ግን ከሰነቴ ነው» የሚለውን በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
5. ምንባቡ የሚነግረን ደኑን ከሰው ስለ መለየት ነው ወይስ ደኑና ሰው አብረው ስለ መኖራቸው? ከምንባቡ ሁለት ማስረጃ አቅርቡ።

መልመጃ 2፤ በቅንፍ ውስጥ ያለውን ግስ በ«እየ» አስተካክላችሁ ጻፉ።
1. ደኑ (ሳሳ) በሄደ ቁጥር ምንጮቹ ይደርቃሉ።
2. እረኞቹ ከብቶቻቸውን (ነዱ) ወደ መስኩ ወጡ።
3. ቀበሮዋ ግልገሎቿን (አጠባች) ነበር።
4. እኛ ወደ ላይ (ወጣን) በሄድን ቁጥር ብርዱ በረታብን።

መልመጃ 3፤ የ3ኛውንና የ5ኛውን አንቀጽ ኃይለ ቃል ፈልጋችሁ ጻፉ። ካልተስማማችሁ ምክንያታችሁን በክፍል ውስጥ ተከራከሩበት።

ሰ. ድርሰት

በትምህርት ቤታችሁ አቅራቢያ ያለውን ተራራ፣ ኮረብታ ወይም የወንዝ ዳር ምረጡና አምስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ቦታው ሂዱ። የአካባቢውን ሽማግሌዎችና እረኞች ጠይቃችሁ ቢያንስ የአምስት ዛፎችን፣ የሁለት አዕዋፍንና የአንድ ምንጭን ስም በደብተራችሁ መዝግቡ። በአካባቢያችሁ በሌላ ቋንቋ የሚጠራበት ስም ካለውም እርሱን ጨምሩ። ከዚያም «ዱሮ የነበረ፣ አሁን የሌለ ዛፍ አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በመጨረሻው አንቀጽ ውስጥ አግቡት።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰታችሁን ለጓደኛችሁ አንብቡለት። ጓደኛችሁ ቦታውን ሳትነግሩት ካወቀው ድርሰታችሁ ግቡን መትቷል። ካላወቀው ግን የጎደለው ስም፣ ሥርዐት ወይም ምክንያት መሆኑን መርምሩና እንደገና ጻፉት። ይህ ሥራ ለነጥብ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ስሙን የማናውቀው ዛፍ ሲቆረጥ «አንድ ዛፍ ተቆረጠ» ብለን እናልፋለን፤ ስሙን የምናውቀው ሲቆረጥ ግን ምን እንዳጣን እናውቃለን።